ቀጨኔ ስሟን በሸክላዋ ላይ ትጻፍ

ፖርቶ ውስጥ ሳን ቤንቶ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። የገባሁት ዝናብ አባሮኝ ነው። መሥሪያ ቤታችን ለስድስት ቀን ሥልጠና ፖርቱጋል ልኮን፣ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጻ ስለነበር ከተማውን ብቻዬን ሳዳርስ ነበር። አዳራሹ መሐል ቆሜ የኮቴን ውሃ ሳራግፍ ዐይኔ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ ሰማያዊና ነጭ ሥዕል ነው፤ ንጉሥ በፈረስ፣ ሠራዊት፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ወይን የሚለቅሙ ሰዎችና የውሃ ወፍጮ። ጠጋ ብዬ ነካሁት፤ ይቀዘቅዛል። በጣቴ አንጓ መታ ሳደርገው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ይህን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በደንብ የበሰለ ሸክላ ድምፅ ነው።

ወደ 20,000 የሚጠጋ የሸክላ ንጣፍ ነው እዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው። ሥዕሉን የሣለው ዦርጅ ኮላሱ ይባላል፤ ጣቢያው የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። የከተማው አብያተ ክርስቲያናትም፣ ተራ መኖሪያ ቤቶችም የብዙዎቹ ፊት እንዲሁ በሸክላ የተሸፈነ ነው። አንድ ትልቅ ከተማ ሸክላ ለብሶ ሳይ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ፎቶ ሲያነሣው ስመለከት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ከዚያ አዳራሽ መውጣት አቃተኝ።

የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ቀጨኔ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ በስተምዕራብ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ወንዙ ዳር። እናቴ ዛሬም እጇ ጭቃ አላጣም።

ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ አንባቢ ብዙ ስለሆነ፣ ጋን ሲሠራ ያየሁትን ልንገረው። አፈሩ ከእንጦጦ ጎን ተቆፍሮ ይመጣል። ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ጠጠሩ ይለቀማል። ከዚያ የተሰበረ የሸክላ ገል ተፈጭቶ ይገባበታል፤ አለዚያ ዕቃው እሳት ላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል። ጭቃው በእግር ይረገጣል። ይህ የእኛ የልጆቹ ሥራ ነበር፤ ክረምት ላይ ጭቃው እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ እግራችን ይደነዝዝ ነበር። እናቴ የሚሽከረከር መሣሪያ ኖሯት አያውቅም። እሷ ራሷ ነበረች በዕቃው ዙሪያ የምትሽከረከረው፤ ጎንበስ ብላ፣ በአንድ እጇ ከውስጥ ደግፋ፣ በሌላው ከውጭ እየጠፈጠፈች። ጋን በአንድ ቀን አያልቅም። የታችኛው ጠና እስኪል ይጠበቃል፤ ቸኩላ ጭቃ ከጨመረችበት በገዛ ክብደቱ ይወድቃል። ጠና ሲል ይቀጠላል፣ ደግሞ ይጠበቃል። አንገቱ ጋ ስትደርስ ክንዷ እስከ ብብቷ ጋኑ ውስጥ ይጠፋል። በመጨረሻ በለሰለሰ ድንጋይ ታሸዋለች። ከቃጠሎው በኋላ እያንዳንዱን ዕቃ በጣቷ አንጓ መታ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ድምፁ ከታፈነ ዐይን የማያየው ስንጥቅ አለበት ማለት ነው፤ ያ ዕቃ ለገበያ አይወጣም፤ ተሰብሮ ገል ይሆንና ለሚቀጥለው ጭቃ ይፈጫል።

ጎረቤታችን ጠላ ሻጭ ነበሩ። ጋኑን ከእናቴ ይገዛሉ። አዲሱ ጋን ታጥቦ፣ በወይራ ጢስ ታጥኖ፣ ጥንስሱ ይገባበታል፤ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ኋላም ድፍድፉ። ወይራ የታጠነ ጋን ጠላውን ምን እንደሚያደርገው የቀመሰ ያውቀዋል። ሸክላው ስለሚተነፍስ መጠጡ ይበርዳል፤ ውስጡ የቆየው ጢስና እርሾ ደግሞ ከጠመቃ ጠመቃ ይሸጋገራል። እኚያ ሴትዮ አሮጌ ጋናቸው የተሰበረ ቀን ሰው የሞተባቸው ያህል አዝነው ነበር። ደንበኞቻቸውም ጠላው ተለወጠብን ብለው ለወራት አጉረምርመዋል።

ፖርቶ ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ በሸክላው ብቻ አይደለም። ከተማዋ የቆመችው በመጠጥ ነው። ዱዎሮ የሚባል ወንዝ ከስፔን ተነሥቶ፣ ተራራ ሰንጥቆ መጥቶ እዚያ ጋ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። የከተማዋ ስም በቋንቋቸው «ወደብ» ማለት ነው፤ ሮማውያን ወንዙ አፍ ላይ ያለውን ሰፈር ፖርቱስ ካሌ ይሉት ስለነበር የአገሩም ስም፣ ፖርቱጋል፣ የወጣው ከዚሁ ነው። ወይኑ የሚበቅለው ግን ከተማው ውስጥ አይደለም። ሽቅብ ወንዙን ተከትለው ሲሄዱ፣ ገደሉ ላይ በድንጋይ እርከን በተሠራ ማሳ ነው የሚተከለው። ተጨምቆ በበርሜል ይሞላና ራቤሉ በሚባሉ ሰፊ ሸራ ባላቸው ጠፍጣፋ ጀልባዎች ፏፏቴውንና ዐለቱን እየሸሸ ወደ ታች ይወርድ ነበር። የሚከማችበት ከፖርቶ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ቪላ ኖቫ ዴ ጋያ በሚባለው ዳገት ላይ ነው። እዚያ በጨለማ ጓዳ፣ በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ዓመታት ይተኛል።

ጠጅ ጥለን ለምናውቅ ሰዎች አሠራሩ ወዲያው ይገባናል። ብርዝ ጣፋጭ ነው፤ እየፈላ በሄደ ቁጥር ማሩ እየተበላ ጥንካሬው ይጨምራል፣ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል። የፖርቶ ሰዎች ወይኑ እየፈላ ሳለ፣ ጣፋጭነቱ ገና ሳያልቅ፣ ከወይን የተጣራ አልኮል ይጨምሩበትና ፍላቱን ያቆሙታል። ጣፋጭም ብርቱም ሆኖ ይቀራል፤ ረጅም የባሕር ጉዞም አያበላሸውም። እ.ኤ.አ. በ1703 ፖርቱጋልና እንግሊዝ ሜቱን የተባለውን ውል ሲፈራረሙ የፖርቱጋል ወይን ከፈረንሳዩ ያነሰ ቀረጥ እየከፈለ እንግሊዝ እንዲገባ ተፈቀደለት፤ ነጋዴዎቹም ጋያ ላይ ጓዳ በጓዳ ሆኑ። ዛሬም ጣሪያዎቹ ላይ የእንግሊዝ ስሞች ተጽፈው ይነበባሉ።

ትርፍ ሲበዛ ማጭበርበርም በዛ። ከሌላ ቦታ የመጣ ወይን በፖርቶ ስም ይሸጥ ጀመር። የዚያን ጊዜው ኃያል ሚኒስትር፣ በኋላ የፖምባል ማርኪስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1756 አንድ ነገር አደረገ፤ የፖርቶ ወይን ከየት እስከ የት ካለው መሬት ብቻ እንደሚመጣ በሕግ ወሰነ። ወሰኑን ለማሳየትም ከ300 በላይ የድንጋይ ምሰሶዎች በማሳው ዙሪያ ተተከሉ፤ ከእነሱ ዛሬም የቆሙ አሉ። ሰውየው ደግ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት የፖርቶ ሕዝብ የወይን ንግዱን ጠቅልሎ በያዘው ኩባንያ ላይ ሲያምፅ ብዙዎችን በስቅላት ቀጥቷል። ያም ሆኖ የሠራው ሕግ የአንድን ወንዝ ሸለቆ ስም ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ጠብቆ አቆይቷል።

የበርሜል ጠጋኞቹ ነገር ከሁሉ የበለጠ ነክቶኛል። ራቤሉ ጀልባዎች በባቡርና በመኪና ከተተኩ፣ ወንዙም በግድቦች ከታሰረ ቆይቷል፤ አሁን ጋያ ዳር ለጌጥ ታስረው ይታያሉ። በርሜል የሚጠርቡና የሚጠግኑ ሰዎች ግን በአንዳንዱ ጓዳ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ጎብኚ ዙሪያቸውን ቆሞ መዶሻቸውን ያዳምጣል። አንድ ሽማግሌ ባለሙያ የበርሜሉን የብረት ቀለበት ሲያጠብቅ ቆሜ አየሁት። መታ አድርጎ ያዳምጣል፣ ዞር ብሎ ደግሞ ይመታል። እናቴን አየኋት።

ልዩነቱ ለዚያ ሰውዬ የሚሰጠው ቦታ ነው። የእናቴን ጋን አገር ሁሉ ጠጥቶበታል፤ ሠርግ ተደግሶበታል፣ ተዝካር ወጥቶበታል፣ የመድኃኔዓለም ዝክር ተዘክሮበታል። እሷን ግን ከደጋሹ ማዕድ እኩል የሚያስቀምጣት አልነበረም። ትምህርት ቤት እያለሁ፣ ስሙን አልጠራውም፣ አንድ ልጅ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ አልቀመጥም አለ። እናቱ «ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋር ምሳህን እንዳትከፍት፣ ይበላሃል» ብላው ነበር። አስተማሪያችን ልጁን ሌላ ቦታ አስቀመጡት፤ ለእኔ ምንም አላሉኝም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ ጭቃ አልረግጥም አልኩ። እናቴ ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ ራሷ ረገጠችው። እስከ ዛሬ ያ ይቆጨኛል።

ዓፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ቤት የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሸምን፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ያስፈልግ ነበርና ቀጨኔም ከባለሙያዎቹ መስፈሪያዎች አንዷ ሆነች። የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች አባቶቻቸው ከሰሜን ሸዋ እንደመጡ ይነግሩናል፤ ቤተ እስራኤል ነን ብለው የአያቶቻቸውን ሥርዓት የሚጠብቁም አሉ። ዐዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን እኔ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ቆየኝ።

ስለ ስድብ ካነሣሁ፣ የፖርቶ ሰዎች ራሳቸውን ትሪፔይሩሽ ይላሉ፤ ጨጓራ በላተኞች ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1415 እዚያው ፖርቶ የተወለደው ልዑል ኤንሪኬ ወደ ሴውታ የሚዘምት መርከብ ሲያዘጋጅ የከተማው ሰው ሥጋውን ሁሉ ለዘማቹ ሰጥቶ ለራሱ ጨጓራውን አስቀረ ይባላል። ለስድብ ሊውል ይችል የነበረውን ስም አንሥተው ኮሩበት። ጨጓራው ዛሬም ከቦሎቄ ጋር ተቀቅሎ የከተማው ምግብ ተብሎ ይቀርባል። አብሮኝ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ «ይሄማ የእኛ ቤት ነው» ብሎ ሁለተኛ ሰሐን አዟል።

አሁን ወደ ገዛ ወንዛችን ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነውና። የቀጨኔ ወንዝ ከእንጦጦ ይነሣል፤ መሐል ከተማውን አቋርጦ ከሌሎቹ ጅረቶች ጋር ተቀላቅሎ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል። ልጆች ሆነን እንዋኝበት ነበር። ኋላ የሰዉ ቆሻሻ፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ፣ የጋራዡ ዘይት ገባበት፤ ክረምት ሲመጣ ሽታው ቀንሶ ጎርፉ ይተካል። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች የማልማት ፕሮጀክት ሲያስተዋውቅ፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር በ29 ቢሊዮን ብር ሊለማ ነው ሲባል፣ ከልባቸው ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ለዚሁ ገንዘብ የተሰበሰበበት ገበታ ለሸገር በዚያው ዓመት ተካሄደ፤ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በኮሪደር ልማቱ ፊቷን ለውጣለች። ንጹሕ ወንዝ ማየት የማይመኝ የቀጨኔ ልጅ የለም። በሽታው አብሮ የኖረው ከእኛ ጋር ነው።

የምለው አንድ ነው። የቀጨኔ ወንዝ ዳር ሲለማ ሸክላ ሠሪዎቹ እዚያው ይሁኑ። ወንዙን ለማየት የሚመጣ ሰው ምን እንደሚያይ አስቡት። ሣርና አግዳሚ ወንበር በየትም አለ። እጇን እስከ ብብቷ ጋን ውስጥ አስገብታ የምትሠራ ሴት ግን በየትም አትገኝም። ሸክላ ሠሪ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስትወጣ አፈሩን የት ታራግፋለች? የት ታቃጥላለች? ደንበኛዋ የት ያገኛታል? ሥራው በዚያው ይቆማል፤ ልጇም አይማረውም። የሚያስፈልገው ነገር ትልቅ አይደለም፤ ዝናብ የማያስገባ ሰፊ ዳስ፣ ጢሱ ሰፈሩን የማያውክ የጋራ ማቃጠያ፣ አፈር የሚቆፈርበት የተፈቀደ ቦታ፣ መሸጫ። ሴቶቹ በማኅበር ተደራጅተው መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ከዜሮ የሚጀመር ነገር የለም። ጋንም በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ፤ ለዚህ ሁሉ ቢሊዮን ብር ይህች ጠጠር ናት።

ሁለተኛው ጉዳይ ስሙ ነው። አገራችን በዚህ ልምድ አላት። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በባለቤትነት ለማስመዝገብ ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር ስትሟገት ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። የወይን ጠጆቻችንን ስም ደግሞ ተመልከቱ፤ አዋሽ፣ ጉደር። ሁለቱም ወንዞች ናቸው። የቀጨኔ ውሃ አዋሽ ይገባል አላልኩም? ቀጨኔ ግን ስሟ የትም አልተጻፈም። ጀበናዋ ቦሌ ባሉ የቡና ቤቶች ቡና ይቀዳበታል፤ ድስቷ ሽሮ እየተንተከተከበት ለእንግዳ ይቀርባል፤ ጎብኚው በሻንጣው ይዞት አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ሥሩን ቢገለብጠው ባዶ ነው። ማን ሠራችው? የት? መርካቶ ሸክላ ተራ ለነጋዴ ከተራገፈ በኋላ የሚያውቅ የለም። ፖምባል ምሰሶ ተከለ። እኛ ከዕቃው ሥር ማኅተም ብናደርግ፣ አእምሯዊ ንብረትን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤትም ስሙን ቢጠብቀው፣ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው።

ይህን ስል ፖርቶን የምድር ገነት አድርጌ መሳሌ እንዳይመስል። እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ድረስ የፖርቶ ወይን ወደ ውጭ የሚላከው በጋያ ጓዳዎች በኩል ብቻ እንዲሆን ሕጉ ያስገድድ ስለነበር፣ ገደሉ ላይ የሚለፋው ገበሬ የገዛ ወይኑን በገዛ ስሙ ለዓለም መሸጥ አይችልም ነበር። ስም የሚያስከብረው ሕግ ትርፉን ለማን እንደሚያደርስም መጠየቅ አለበት፤ የቀጨኔ ማኅተም በነጋዴ እጅ ከገባ ለእናቴ ምንም አይጨምርላትም። ሪቤራ የሚባለው የወንዙ ዳር ሰፈርም እ.ኤ.አ. በ1996 ከድሮው ከተማ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ አሳ አጥማጆችና ወዛደሮች የኖሩበት ጠባብ ቤት ሁሉ የእንግዳ ማረፊያ እየሆነ፣ ኪራዩ እየናረ፣ ብዙ የሰፈሩ ሰው ወጣ። ምሽት ላይ በዚያ ሳልፍ መስኮቶቹ ላይ ልብስ ተሰጥቶ አየሁ፤ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ዙሪያቸው ያለው ሁሉ ሻንጣ የሚጎትት ነው። እኛ ገና ስለሆንን ከዚህ አስቀድመን መማር እንችላለን።

በዶም ሉዊሽ ድልድይ ላይ ቆሜ ነበር ሲመሽ። ድልድዩ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ ወርደው አዲስ አበባን የቆረቆሩት። እኩዮች ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ ከታች ወንዙ ወርቅ መስሏል።

ለእናቴ ከፖርቶ ያመጣሁላት አንዲት የሸክላ ንጣፍ ነው፤ መዳፍ የምታክል፣ ሰማያዊ አበባ የተሣለባት። ቀጨኔ ቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ፣ ዙሪያዋን ያልተቃጠሉ ጀበናዎች እየደረቁ፣ ተቀብላ አገላበጠቻት። መጀመሪያ በጣቷ አንጓ መታ አድርጋ አዳመጠቻት። «በስሏል» አለች። ከዚያ ጀርባዋን አየች።

«ምን የሚል ነው የተጻፈው?»

«የሠራው ሰው ስምና ፖርቶ ይላል፣ እማዬ።»

ጽሕፈቱ ላይ አውራ ጣቷን ብዙ ጊዜ አመላለሰች። አጠገቧ ካለው አንዱን ጀበና አንሥታ ሥሩን ገልብጣ ተመለከተች፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው።

«እነሱ የሚጽፉት» አለችኝ፣ «እሳት ሳይገባ ነው ከገባ በኋላ?»